«ተበላሽቷል» ማለት ምርመራ አይደለም



በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት አጠቃቀምና ስለ ግቢያችን ንጽሕና ብዙ ተብሏል። ዛሬ እኛ የምናነሣው ጉዳይ ከነዚህ ሁሉ የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የምንናገረው በላፕቶፕ ጎን ስለምትገኘው፣ ሁላችንም በልማድ «ሲዲ ሮም» ስለምንላት የዲስክ ማንበቢያ ነው። ዕቃዋ ትንሽ ናት። እሷ ስትዘጋ አብሮ የሚዘጋው ነገር ግን ትንሽ አይደለም።

እንደሚታወቀው በመርጃ መሣሪያዎች ማዕከላችን መደርደሪያ ላይ ብዙ የትምህርት ዲስኮች አሉ። የእንግሊዝኛ ንግግር ማዳመጫዎች፣ የሳይንስ ሙከራ የሚያሳዩ ፊልሞች፣ ከኛ በፊት የነበሩ ሠልጣኞች ያደረጉት የማስተማር ልምምድ የተቀረጸባቸው ዲስኮች ሳይቀሩ ይገኛሉ። ከዲስኮቹ ጎን ስድስት ላፕቶፖች ተደርድረዋል። በስድስቱም ላይ የተለጠፈው ወረቀት አንድ ዓይነት ነው፤ «ሲዲ ሮም አይሠራም» ይላል። ማን መረመራቸው? መቼ አቆሙ? ምን ሆነው ነው? ወረቀቱ ይህን አይናገርም። አሁን ደግሞ ላፕቶፖቹ በሚወገዱ ንብረቶች ዝርዝር ውስጥ ሊገቡ ነው የሚል ወሬ ሰምተናል። ብዕር ያነሣነው በዚህ ምክንያት ነው።

በእኛ አስተያየት «ተበላሽቷል» የሚለው ቃል የምርመራ ውጤት ሊሆን አይችልም። ቢበዛ የምርመራ መነሻ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው «አሞሃል፣ በቃ ሂድ» ቢባል ምን ይላል? የት እንዳመመው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያባብሰው መጠየቅ አለበት። ለዕቃም ቢሆን ሥርዓቱ ይኸው ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ዕቃዋን እንወቃት

ሲዲ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን ያወጡት ፊሊፕስና ሶኒ የተባሉት ኩባንያዎች በጋራ ነው። የዲስኩ ስፋት 12 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሲዲ 700 ሜጋ ባይት ያህል ሲይዝ፣ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት ይይዛል። ላፕቶፕ ውስጥ የምትገባው ማንበቢያ ቀጭን ናት፤ ውፍረቷ አብዛኛውን ጊዜ 12.7 ወይም 9.5 ሚሊ ሜትር ነው። በውስጧ ዲስኩን የሚያሽከረክር ሞተር፣ ብርሃን የሚልክ ሌዘርና ብርሃኑን የሚያነጣጥር ሌንስ አለ።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ይህች ዕቃ ከላፕቶፑ ጋር የምትገናኘው ከጀርባዋ ባለች አንዲት መሰኪያ ብቻ ነው። በአሮጌዎቹ ላይ መሰኪያዋ 50 ጥርስ ነበራት። እ.ኤ.አ. በ2003 የመጀመሪያው የሳታ ደረጃ ከወጣ ወዲህ እየተለመዱ በመጡት ላይ ደግሞ ጥርሶቹ 13 ናቸው። ሰባቱ በመረጃው በኩል፣ ስድስቱ በኃይሉ በኩል የተመደቡ ናቸው፤ የምትፈልገው ኃይል 5 ቮልት ብቻ ነው። በአንዳንድ ላፕቶፖች መሰኪያው በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል። በሌሎቹ ግን በመካከል አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ወይም እንደ ሪባን ጠፍጣፋ የሆነ ገመድ አለ። ማንበቢያዋን በቦታዋ የሚይዛት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከላፕቶፑ ሆድ በኩል የሚገባ አንድ ብሎን ነው።

«ኧረ አንድ ብሎን ምን ታመጣለች?» የሚል አይጠፋም። ብሎኗ ስትላላ ወይም ስትጠፋ፣ ሰው ትሪውን በጎተተ ቁጥር ማንበቢያዋ በጥቂቱ ወደ ውጭ ትንሸራተታለች። ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ከሸሸች ጥርሶቹ መነካካታቸውን ሊያቆሙ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ ዕቃዋን አያውቃትም። ሌዘሩ ደኅና ነው፤ ሞተሩ ደኅና ነው፤ ዲስኩም ደኅና ነው። የጠፋው ግንኙነቱ ብቻ ነው። እኛ ግን «ሲዲ ሮሟ ሞታለች» ብለን ወረቀት እንለጥፋለን!

ከቀላል ወደ ከባድ

በማስተማር ዘዴ ትምህርታችን ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው እንሂድ እየተባልን እንማራለን። ይህ መመሪያ ለጥገናም ያገለግላል። አካሄዱን በተራ እናስቀምጠው።

አንደኛ፣ ዲስኩን እንጠርጥር። የተጫረ ወይም የቆሸሸ ዲስክ ደኅና ማንበቢያን ያስወቅሳል። ሌላ ደኅና ዲስክ እናግባ። የምንሞክረውም በፊልም ባይሆን ይመረጣል። ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ የዲቪዲ ፊልም ማጫወት ከስርዓቱ ጋር አብሮ ለሁሉም የሚመጣ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ፊልሙ እምቢ ሲል ጥፋቱ የዕቃዋ ሳይሆን የማጫወቻ ፕሮግራም እጦት ሊሆን ይችላል። ቪኤልሲን የመሰለ ነፃ ማጫወቻ ሲጫን ነገሩ ያበቃል።

ሁለተኛ፣ ሲዲ አንብባ ዲቪዲ እምቢ ካለች ግንኙነቱን በከንቱ አንክሰስ። ማንበቢያዋ ለሲዲ 780፣ ለዲቪዲ 650 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሌዘር ነው የምትጠቀመው። በመሰኪያው የሚያልፈው መረጃ ግን ከየትኛው ዲስክ እንደመጣ አይለይም። አንዱን አድርሶ ሌላውን ካላደረሰ ችግሩ ከሌዘሩ ወይም ከሌንሱ ነው። በኛ ክፍሎች ደግሞ ሌንስን የሚያጨልም ነገር ሞልቷል፤ የበጋው አቧራና የጠመኔው ብናኝ ይበቃሉ።

ሦስተኛ፣ ላፕቶፑ ሲነሣ ዓይናችንንና ጆሯችንን እንክፈት። ብዙ ጊዜ ደኅና ማንበቢያ በዚያች ቅጽበት መብራቷ ብልጭ ይላል፣ ውስጧም ትንሽ ይንኳኳል። ይህ ካለ ኃይል ደርሷታል ማለት ነው። ጭራሽ ጸጥ ካለችና በቁልፏም አልከፈት ካለች ኃይሉ እንዳልደረሳት እንጠርጥር። የአብዛኞቹ መክፈቻ ቁልፍ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነውና። ዲስክ ውስጧ ተይዞ ከሆነ ላፕቶፑን አጥፍተን ፊቷ ላይ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ የተቃና የወረቀት አግራፍ በቀስታ መግፋት ነው። ለዚሁ የተሠራች ቀዳዳ ናት። በቢላዋ መፈልቀቅ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል።

አራተኛ፣ ባዮስን እንጠይቅ። ባዮስ ማለት ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ላፕቶፑ የራሱን አካላት የሚቆጥርበት ቦታ ነው። እንደ ላፕቶፑ ዓይነት ገና ሲበራ ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም ሌላ ቁልፍ በመጫን ይገባል። ይህ ጥያቄ መንገዱን ለሁለት ይከፍለዋል። ማንበቢያዋ ባዮስ ውስጥ ከታየች ግንኙነቱ አለ፤ እንግዲያው ጥፋቱን ከዊንዶውስ በኩል እንፈልግ። ባዮስም ካላያት ወደ መሰኪያው እንሂድ። ነገር ግን በአንዳንድ ላፕቶፖች ባዮስ ውስጥ ማንበቢያዋን የሚዘጋ ምርጫ ስላለ አስቀድመን እሱን እንይ።

አምስተኛ፣ ችግሩ ከዊንዶውስ ከሆነ ዲቫይስ ማናጀር የሚባለውን ከፍተን ቢጫ ምልክት መኖሩን እንመልከት። ማንበቢያዋን ከዚያ ላይ «አንኢንስቶል» ብለን ላፕቶፑን እንደገና ብናስነሣው ስርዓቱ ራሱ ፈልጎ ይመዘግባታል። አንዳንድ የዲስክ መቅጃ ፕሮግራሞች ሲጫኑና ሲነሡ በዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ «አፐር ፊልተርስ» እና «ሎወር ፊልተርስ» የተባሉ ትእዛዞችን ጥለው በመሄድ ዕቃዋን ከዊንዶውስ ዓይን የሚሰውሩበት ጊዜ አለ። መዝገቡን መንካት ግን የመዝገቡን ቅጂ አስቀምጦ፣ የሚያውቅ መምህር ባለበት ብቻ መሆን ይኖርበታል።

ስድስተኛና መጨረሻ፣ ካቻቢቴ እናንሣ። ከማንሣታችን በፊት ቻርጀሩ ይነቀል፣ ባትሪው ይውጣ፣ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንዶች ተጭኖ ቀሪው ኃይል ይፍሰስ፣ እጃችንም ያልተቀባ ብረት ይንካ። ከዚያ የማንበቢያዋን ብሎን ፈትቶ በቀስታ ወደ ጎን ማንሸራተት ነው። ጥርሶቹን በብርሃን እንመልከት። የተጣመመ አለ? የጠቆረ አለ? አቧራ ተጋግሯል? አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይነሣል። የጠቆረው ከ90 በመቶ በላይ ንጥር በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይተው ጥጥ ይጠረጋል፤ እስኪደርቅ መጠበቅም ግዴታ ነው። አረቄ አይሆንም፤ ውሃ አለበት። ሽቶም አይሆንም። በላጲስ መፈተግም መልካም አይደለም፤ በጥርሱ ላይ ያለው የወርቅ ቅብ እጅግ ስስ ስለሆነ ይላጣል። ጠፍጣፋው ገመድ ካለ ጫፉ እስከ መጨረሻው መግባቱንና ማጥበቂያው መዘጋቱን እንይ። መልሰን ስናስገባ ቀጥ አድርገን፣ ሳናስገድድ፣ ጥርሱ ሲገጥም እስኪሰማን ድረስ እንግፋ፤ ብሎኗንም አንርሳ።

ሌላ ደኅና ማንበቢያ ከተገኘ መለዋወጥ ታላቅ ዳኛ ነው። ደኅናዋ በተጠረጠረው ላፕቶፕ ከሠራች ጥፋቱ የመጀመሪያዋ ነው። ደኅናዋም እምቢ ካለች ጥፋቱ የላፕቶፑ መሰኪያ ነው። ሆኖም ባለ 50 ጥርሷ ከባለ 13ቱ ጋር አትገጥምም፤ የ9.5 ሚሊ ሜትሯም በ12.7 ቤት ውስጥ ትዋልላለች። መለካት ይቀድማል። አንድ ጊዜ የምንለውጠውም አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ሦስት ነገር በአንድ ላይ ለውጠን ቢሠራ የትኛው እንዳዳነው በምን እናውቃለን?

በተጨባጭ ያየነው

ይህን ሁሉ ከወሬ አላመጣነውም። እኛ ጥቂት ሠልጣኞች በአንድ የአይሲቲ መምህራችን ፈቃድ፣ እሳቸውም አጠገባችን ቆመውልን፣ ከስድስቱ አራቱን መርምረን ነበር። የመጀመሪያው ላፕቶፕ ብሎኗ የለችም፤ ማንበቢያዋ ተንሸራታለች። ገፍተን ሌላ ብሎን ስናስገባላት እዚያው ዲስክ አነበበች። በሁለተኛው ጥርሶቹ ላይ አቧራ ተጋግሮ ነበር፤ ሲጠረግ ባዮስ አያት። ሦስተኛው አስቆናል። ስናወጣው ማንበቢያ ሳይሆን ቦታውን ለመሙላት የገባ ባዶ ፕላስቲክ ሆኖ ተገኘ! የሌለች ዕቃ «አትሠራም» ተብላ ወረቀት ተለጥፎባት ኖሯል። አራተኛው ግን እውነተኛ በሽተኛ ነው። ሲዲ ያነባል፣ ዲቪዲ አያነብም፤ ሌንሱ ተጠርጎም አልተሻለውም። መምህራችን «ይኼኛው የሌዘር ችግር ነው፣ ግንኙነቱ ደኅና ነው» ብለው ጻፉበት። እነሆ አሁን በዚያ ላፕቶፕ ላይ ያለው ወረቀት እውነተኛ ምርመራ ነው።

እንግዲህ አራት ላፕቶፖች፣ አራት የተለያዩ ምክንያቶች፣ ቀድሞ ግን አንድ ወረቀት። የቀሩት ሁለቱ ሳይመረመሩ ከዝርዝር ውስጥ ይግቡ ማለት ተገቢ ነውን?

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«ዲስክ ጊዜው አልፏል፤ ዘመኑ የፍላሽና የኢንተርኔት ነው» የሚሉ አሉ። አባባሉ በከፊል እውነት ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2008 ማክቡክ ኤርን ያለ ዲስክ ማንበቢያ አወጣ፤ ሌሎቹም ተከትለውታል፤ አዳዲሶቹ ላፕቶፖች በአብዛኛው ማንበቢያ የላቸውም። ነገር ግን ይህ ክርክር የኛን ሐሳብ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። መደርደሪያው ላይ ያሉት ትምህርቶች ዲስክ ላይ ናቸው። ወደ ፍላሽ እንዲዛወሩ ከተፈለገ መጀመሪያ መነበብ አለባቸው። ማንበቢያዎቹን ካስወገድን በኋላ ዲስኮቹን በምን እናነባቸዋለን? ደግሞስ ለልምምድ የምንመደብባቸው የገጠር ት/ቤቶች ሁሉ ኢንተርኔት አላቸው ያለው ማን ነው? ኔትወርክ ለመፈለግ ጉብታ የሚወጣበትን ቀበሌ የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ?

«ጥገና የባለሙያ ሥራ ነው፤ የመምህር ሥራ ማስተማር ነው» የሚሉም አሉ። ማዘርቦርድ መበየድ፣ ሌዘር መፍታት የባለሙያ ሥራ መሆኑን እኛም እናምናለን። የማንበቢያዋን ሽፋን ከፍቶ እያበሩ ወደ ሌዘሩ መመልከት ደግሞ ለዓይን አደገኛ ነው፤ የሲዲው ጨረር ከሚታየው ብርሃን ውጭ ስለሆነ ሲነካን እንኳ አይታወቀንም። ይህ በጥብቅ ሊከለከል ይገባል። ብሎን ላልታ እንደሆነ ማየት ግን የባለሙያ ሥራ ነው ከተባለ፣ ጠመኔ መቅረጽም ባለሙያ ሊፈልግ ነው! ባለሙያው ጋ ስንሄድም ብናውቅ ይጠቅመናል። ከመካከላችን አንዱ የግል ላፕቶፑን አንድ ጥገና ቤት ወስዶ የአዲስ ማንበቢያ ዋጋ ከተጠየቀ በኋላ፣ ሌላ ቦታ ሲታይ የላላ ገመድ ሆኖ ተገኝቷል። የማያውቅ ሰው የሚከፍለው ለዕቃው ሳይሆን ላለማወቁ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው። «ንብረቱ የመንግሥት ነው፤ ነክታችሁ ብታበላሹት ማን ይጠየቃል?» ይባላል። የንብረት ክፍል ሠራተኞቻችንን ፍርሃት እንረዳለን። በሞዴል 19 ገብቶ በሞዴል 22 የወጣ ዕቃ የፈረመበት ሰው አለ፤ ቢጎድል የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ ዕቃው ሳይነካ መደርደሪያ ላይ ቢያረጅ ለሁሉም ይቀላል። ካልሠራ አይሰበር፣ ካልተሰበረ ጠያቂ የለ። ለመሆኑ ግን ንብረትን መጠበቅ ማለት ይህ ነውን? ሠርቶ ያረጀ ላፕቶፕና ተቀምጦ ያረጀ ላፕቶፕ በመዝገብ ላይ እኩል ይታዩ ይሆናል። ለተማሪው ግን እኩል አይደሉም። ከዚህ በፊት ይህን አይተናል። በ1990ዎቹ ማብቂያ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ከገቡት የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች መካከል ዝም ብለው ጥቁር መስታወት ሆነው ግድግዳ ላይ የቀሩትን ብዙዎቻችን በተማርንበት ክፍል ውስጥ ስናያቸው አድገናል። አስተማሪውም ተማሪውም «ተበላሽቷል» ይሉ ነበር። ምን ሆኖ እንደሆነ የነገረን ሰው ግን አልነበረም።

ስለ ማንበቢያ ብቻ አይደለም

ነገሩን ትንሽ እናስፋው። ነገ ክፍል ውስጥ ስንቆም የማይመልስ ተማሪ እናገኛለን። የመጀመሪያው ፈተና ያኔ ነው። «ሰነፍ ነው» የሚል ወረቀት ግንባሩ ላይ መለጠፍ ይቀላል። ነገር ግን ልጁ ሰሌዳው አይታየው ይሆናል፤ ከኋላ ተቀምጦ ድምፃችን አይደርሰው ይሆናል፤ ቁርስ ሳይበላ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ይሆናል፤ ትምህርቱ በሚሰጥበት ቋንቋ አፉን ያልፈታ ይሆናል። አእምሮው ደኅና ሆኖ ግንኙነቱ ተቋርጦ ይሆናል። አስቀድሞ ቀላሉን የሚጠይቅ፣ አንድ በአንድ የሚለይ፣ ሳያረጋግጥ የማይፈርድ መምህር ልጁን ያገኘዋል። ይህ ጠባይ በአንድ ቀን አይመጣም። ልምምዱ በዕቃም ቢጀመር ምን ይጎዳል?

የምናቀርባቸው ሐሳቦች

ወቀሳ ብቻ ይዘን አልመጣንም። የሚከተሉትን ለአስተዳደሩ፣ ለመምህሮቻችንና ለራሳችን እናቀርባለን።

ሀ) ስድስቱ ላፕቶፖች በሙሉ ተመርምረው ውጤታቸው እስኪጻፍ ድረስ ከሚወገዱት ዝርዝር ውስጥ አይግቡ።

ለ) «አይሠራም» የሚለው ወረቀት ቀርቶ የበሽታ ካርድ ይዘጋጅ። ካርዱ አራት ጥያቄዎች ይኑሩት፦ መቼ ቆመ? ባዮስ ያያታል? የትኛውን ዲስክ ታነባለች? ምን ተሞከረ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና የሰበረም ሰው ሳይፈራ ይጻፍ።

ሐ) ቅዳሜ ጧት ለአንድ ሰዓት፣ መምህር ባለበት፣ ፈቃደኛ ሠልጣኞች የሚሳተፉበት የጥገና ልምምድ ይፈቀድ። የሚያስፈልገው ትናንሽ ካቻቢቴ፣ ብሩሽ፣ ጥጥና አንድ ጠርሙስ አልኮል ነው። የተፈታው ብሎን በወረቀት ላይ ቦታው ተጽፎ ይቀመጥ። የንብረት ክፍሉም ተወካይ ይገኝ፤ ያን ጊዜ «ማን ነካው?» የሚል ጥያቄ አይኖርም።

መ) የዳኑት ማንበቢያዎች የመጀመሪያ ሥራቸው የትምህርት ዲስኮቹን ማዛወር ይሁን። ባለቤት መብቱን የጠበቀባቸው ፈቃድ ይጠየቅባቸው፤ የራሳችን የተቋሙ ቅጂዎች ግን ነገ ዛሬ ሳይባል ወደ ሃርድ ዲስክና ወደ ፍላሽ ይግቡ። ዲስክ ሲቀመጥም ያረጃልና ጊዜው አይጠብቀንም።

ሠ) በእርግጥ ለሞቱት ማንበቢያዎች ምትክ በዩኤስቢ የምትሰካ አንዲት የውጭ ማንበቢያ ለሁሉም ላፕቶፖች ትበቃለች። የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ 5 ቮልት ላይ 500 ሚሊ አምፔር ስለሚሰጥና ይህ አንዳንዴ ስለሚያንስ፣ ሁለት ቀዳዳ የምትይዘው ገመድ አብራ ብትመጣ ይመረጣል።

የቀሩት ሁለት ላፕቶፖች ዛሬም መደርደሪያው ላይ ናቸው። ምናልባት አንዷ ብሎን ብቻ ጎድሏት ይሆናል፤ ምናልባትም ሁለቱም በእርግጥ ሞተው ይሆናል። ከሞቱም ሞታቸው ተረጋግጦ ይጻፍ፤ ከዚያ ይወገዱ ቢባል አንቃወምም። አስተያየታችንን የሚቃወም ካለ በዚሁ ዓምድ ይጻፍ፣ እንወያይበት። የሚደግፍ ደግሞ ቅዳሜ ጧት ካቻቢቴውን ይዞ ይምጣ።

ቸር እንሰንብት።